ዳሳሽ፣ መዳሰሻ ወይስ አነፍናፊ?

ጥያቄ፦ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ መብራት የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሰነድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሴንሰሩን፣ ማለትም ሰው ማለፉን የሚለየውን ክፍል፣ አንዱ «ዳሳሽ»፣ ሌላው «መዳሰሻ»፣ ሦስተኛው «አነፍናፊ» በለው ይለኛል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ «የእንቅስቃሴ ዳሳሽ» ይበሉ።

አማርኛ ከአንድ ግስ የአድራጊውንም የመሣሪያውንም ስም ያወጣል። ከ«ቆጠረ» «ቆጣሪ» እና «መቁጠሪያ» ወጥተዋል። የኤሌክትሪኩ ዕቃ «ቆጣሪ» የተባለው ኮረንቲውን ራሱ ስለሚቆጥር ነው። መነኩሴው በጣታቸው የሚያሳልፉት ግን «መቁጠሪያ» ነው፤ የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸውና። እንደዚሁ ጣት ሲነካው የሚበራ የራስጌ መብራት ላይ ያለችው የብረት ሰሌዳ «መዳሰሻ» ናት፤ ማንም ሳይነካው ምልክት የሚልከው ክፍል ደግሞ «ዳሳሽ»።

«ግዑዝ ነገር አድራጊ አይሆንም፤ የዕቃ ስም ሁሉ በ‹መ› ይጀምር» የሚሉ ሰዋስው ዐዋቂዎች አሉ። ቆጣሪው ይመልስላቸዋል። «ማቀዝቀዣ» ያለ ሰው እጅ እየሠራ በ«መ» መጽናቱን ግን አልክድም። በቤት ዕቃ ስም ይህ ጉዳት የለውም። በፓተንት ሰነድ ግን የመብቱ ወሰን የሚለካው የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ በተጻፈው ቃል ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ ከዋለም ተጨማሪ 5 ዓመት ይሰጣል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ክርክር ቢነሳ የሚነበበው ያ ጽሑፍ ነው።

ለዚህም ነው «መቆጣጠሪያ» እና «ተቆጣጣሪ» እንዳይደባለቁብዎ የምለምነው። ሪሞቱ መቆጣጠሪያ ነው፤ ምልክቱን ከተወሰነ ልክ ጋር አነጻጽሮ የሚወስነው ቺፕ ተቆጣጣሪ ነው። አሜሪካዊው ጆኤል ስፓይራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያመለከተበትና በ1962 ፓተንት ያገኘበት፣ በግድግዳ ማብሪያ ቦታ ተገጥሞ የመብራቱን ድምቀት የሚቀንሰው ዕቃ በሰው እጅ የሚስተካከል ስለሆነ «ማደብዘዣ» ነው። የቀን ብርሃን ሲጨምር አምፖሉን በራሱ የሚቀንሰውን ክፍል ግን «አደብዛዥ» እለዋለሁ።

ወደ «ዳሰሰ» ልመለስ። የግዕዙ አቻ «ገሰሰ» ነው፤ ሁለቱም መንካትን ይጠይቃሉ። ዘፍጥረት 27፥22 ላይ ዐይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ያዕቆብን የዳሰሰው በእጁ ነው። የእርስዎ ሴንሰር ማንንም አይነካም፤ ከሰውነት የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር (በዐይን የማይታይ የሙቀት ጨረር) ከሩቅ ይቀበላል እንጂ። ስለዚህ ለእኔ ጆሮ «የሙቀት ዐይን» ይበልጥ ያምር ነበር። ነገር ግን «የዳሰሳ ጥናት» ካለ ንክኪ ከተለመደ ቆይቷል፤ ቃሉ ከእጅ ወጥቷልና፣ ሳልወድም ቢሆን እቀበለዋለሁ።

«አነፍናፊ» ግን እዚህ ቦታ የለውም። ዘሩ ከግዕዙ «አንፍ»፣ ከአፍንጫ ነው፤ አየር ውስጥ ያለ ጋዝ ለሚለይ ዕቃ ይስማማል። ለጭስ ማስጠንቀቂያም ቢሆን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት ጨለማ ክፍላቸው ውስጥ የገባው ጭስ የሚበትነውን ብርሃን በማየት ነው።

«እንቅስቃሴ» የምትለዋን ቃል አይጣሏት። «የሰው መኖር ዳሳሽ» ብለው ቢተረጉሙ ሰነዱ ሐሰት ይናገራል። በሴንሰሩ ውስጥ ምልክታቸው እርስ በርሱ እንዲጣፋ በተቃራኒ የተገናኙ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ልዩነት የሚፈጠረው ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ብቻ ነው። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ላይ መብራቱ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የክፍሉ አየር ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋም ዳሳሹ ሰውን ከግድግዳው ለመለየት ይቸገራል።

በትርጉምዎ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ዘጋ» ነው። በኤሌክትሪክ ትምህርት ማብሪያው ሲዘጋ ኮረንቲ ያልፋል፣ አምፖሉ ይበራል። በቤታችን አማርኛ «ሬዲዮውን ዝጋ» ማለት አጥፋ ነው። «ተቆጣጣሪው ሪሌውን (በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሠራውን ማብሪያ ማጥፊያ) ይዘጋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንዱ አንባቢ መብራት፣ ሌላው ጨለማ አድርጎ ይረዳዋል። «ያገናኛል» እና «ያቋርጣል» ብለው ይጻፉ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አይለውጡት።