የቃሪያ ዘር መነጽር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች። ጓሮዬ ቃሪያ ዘርቼ ግማሹ ቀረ፣ የበቀለውም ሦስት ሳምንት አስጠበቀኝ። ጓደኛዬ መነጽር የሚያጥብ የአልትራሳውንድ ማሽን አለውና «ዘሩን እዚያ ክተተው፣ ቶሎ ይበቅላል» ይለኛል። ችግኙን ያሳድጋል ያለውን በስልክ የሚከፈት ድምፅም ልኮልኛል። እውነት ነው ወይስ ቀልድ? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የማሽኑ ነገር እውነትነት አለው፣ የስልኩ ግን ቀልድ ነው። አልትራሳውንድ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ፣ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው። የስልክ ስፒከር ለዚህ አልተሠራም። ቢሠራም እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአየር ወጥቶ ውሃ ወይም ተክል ውስጥ ልግባ ሲል ከሞላ ጎደል ሁሉም ተንጸባርቆ ይመለሳል። ፋይሉን አጥፋው፣ ቦታ አይያዝብህ።

ማሽኑ ግን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹ 40 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 40,000 ጊዜ) አካባቢ ናቸው። ውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች እየተፈጠሩ ወዲያው ይፈነዳሉ፣ ከመነጽሩ ላይ ቅባቱን የሚያላቅቀው ይኸው ፍንዳታ የዘሩንም ልባስ ጫር ጫር ያደርገውና ውሃ ቶሎ ይሰርጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኢራን ተመራማሪዎች ሥራ ገብስን በ20 ኪሎኸርዝ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ አርገብግቦ ነበር። ዘሩ ፈጥኖ በቀለ፣ ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰብረው ኢንዛይምም ጨመረ። ብቅል የሚያበቅል ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ አንተ ጋ ይሠራል? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዘሩን ነው። የሞተ ዘር በምንም ማሽን አይነሳም። 20 ፍሬ ቆጥረህ እርጥብ ሶፍት ላይ ጠቅልል፣ ፌስታል ውስጥ አድርግና ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጥ። ቃሪያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፣ የቀዘቀዘ መደብ ላይ ጥሩው ዘርም ይለግማል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ካልበቀለ ሌላ ዘር ግዛ።

ከበቀለልህና ማሽኑን መሞከር ካማረህ፣ ግማሹን 5 ደቂቃ አርገብግብ፣ ግማሹን ደግሞ ለዚያው ያህል ጊዜ እንዲሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ለየብቻ ዝራ። መዘፍዘፍ ብቻውን ስለሚያፋጥን ያለ ማነጻጸሪያ ምስጋናው ለማሽኑ ይሄዳል! ደቂቃውን አታብዛ፣ ውሃው ይሞቃል፣ ፅንሱም ይጎዳል። ቀይ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ዘር ከሆነ ግን ቀለሙ ብዙ ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት እንዳለበት ምልክት ነውና የጓደኛህ መነጽር የሚታጠብበት ውስጥ እንዳትጨምረው።