«ተመርጠዋል፤ ታዲያ ልጄ ለምን ትሰለፋለች?»

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ነዋሪነቴ አራት ኪሎ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ጀርመን አገር፣ ሐምቡርግ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ከተራ ስለነበር አልረሳውም፣ ታቦት ጃንሜዳ ሸኝቼ ማታ ቤቴ ስገባ በስልኳ የቀረጸችውን ምስል ልካልኝ አገኘሁ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ሳይ እኔ ጥምቀት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን «እማዬ፣ እኛን ከአገር እናስወጣለን የሚሉትን ለመቃወም የወጣ ሕዝብ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር አትቀርም። ሰዎቹ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ ከሆነ መቃወሙ የሕዝብን ድምፅ መናቅ አይሆንም ወይ? ዜግነት የሌላት ልጅስ በሰው አገር ጉዳይ መግባቷ አያስጠይቃትም? በእኛ ጊዜ ልጅ ሰልፍ ሲወጣ እናት እስኪመለስ ድረስ ከደጃፏ አትነሳም ነበርና ዛሬም እሷ ስትሰለፍ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ የላከችልዎት ምስል ከምን እንደመጣ ላስቀድም። በዚያው ወር በ1ኛው ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2024፣ «ኮሬክቲቭ» የተባለ የጀርመን የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም አንድ ዘገባ አወጣ። ዘገባው ከበርሊን አጠገብ ባለችው ፖትስዳም፣ በአንድ ሆቴል ውስጥ፣ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ ፖለቲከኞች የተገኙበት ስብሰባ መካሄዱንና በስብሰባውም የውጭ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች በብዛት ከአገር ስለማስወጣት የሚናገር ዕቅድ መቅረቡን ገለጸ። ፓርቲው በዚያን ጊዜ በፌዴራሉ ምክር ቤት ወንበር ከያዘ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ ከትልልቆቹ ከተሞች አንሥቶ እስከ ትንንሾቹ ድረስ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ሐምቡርግ ላይ ፖሊስ በቆጠረው እንኳ 50 ሺህ ሰው ተገኝቶ፣ ቦታው ከመጨናነቁ የተነሣ አዘጋጆቹ ሰልፉን ካሰቡት ሰዓት ቀድመው ለመበተን ተገደዱ። እርስዎ ጥምቀት የመሰለዎት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ሰላማዊ ሰልፍ የምርጫን ውጤት አይሰርዝም፤ ሊሰርዝም አይገባም። ይሁን እንጂ የተመረጠ ሰው ያገኘው ወንበሩን ነው እንጂ ያልመረጡትን ሰዎች ዝምታ አይደለም። ድምፅ በሰጡና ባልሰጡ ሰዎች ላይ እኩል የሚጸና ሕግ ሊያወጣ የተቀመጠ ሰው፣ ሕጉ የሚነካቸው ሰዎች የሚሉትን ከምርጫ እስከ ምርጫ ባሉት ዓመታት ሁሉ የመስማት ግዴታ አለበት። «ተመርጠዋልና ዝም በሉ» የሚለው ቃል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ሊከብደን የሚገባበት ምክንያት ደግሞ ከቤትዎ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል።

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲሳለሙ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት በአርበኞች መቃብር መካከል አንዲት እንግሊዛዊት ማረፏን ሳያውቁ አይቀሩም። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አርፋ፣ ወለተ ክርስቶስ ተብላ ነው የተቀበረችው። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ስለ ኋለኛው ዘመኗ ሳይሆን፣ የአገሯ ሰዎች ገና ሙሶሊኒን እንደ ብርቱ መሪ ሲያደንቁት በነበረበት ጊዜ እሷ ለብቻዋ ያህል ሆና ስለጮኸችባቸው ዓመታት ነው። በፋሺስቶች ለተገደለው ለጣሊያናዊው የምክር ቤት አባል ለማቴዎቲ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1932 የሴቶች ኮሚቴ አቋቁማ፣ በ1936 ደግሞ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከራከር ሳምንታዊ ጋዜጣ መሥርታ ለ20 ዓመታት አሳትማለች። ሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ወደ ሮም ከማዝመቱ በፊት የገባው በምርጫ በር መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በሜይ 1921 ምርጫ እሱና ባልንጀሮቹ ከ500 በላይ ወንበር ባለው ምክር ቤት ውስጥ 35 ወንበር ብቻ ነበር ያገኙት። ከዚያ ምርጫ 15 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጦሩ አዲስ አበባ ገባ፤ በዓመቱም በስድስት ኪሎው ሐውልት የምናስበው የየካቲት 12 እልቂት ተፈጸመ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ «ስደት ይቀነስ» የሚል ፖለቲከኛ ሁሉ ሙሶሊኒ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ማለት የእልቂቱን ሰለባዎች ማቃለል ይሆናል። የምለው ሰውን በዘሩ ከፋፍሎ «ይህ ይቆይ፣ ያ ይውጣ» የሚል ሰው 35 ወንበር ሲይዝ መቃወም፣ 300 ወንበር ሲይዝ ከመቃወም እንደሚቀል ነው።

ስለ ልጅዎ ደኅንነት፦ የጀርመን መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 8 የመሰብሰብን መብት «ጀርመናውያን ሁሉ» ብሎ ቢጀምርም፣ የአገሪቱ የስብሰባ ሕግ ግን መብቱን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ላይ የሚጠቀመው «ማንኛውም ሰው» የሚለውን ቃል ነው። ስለዚህ በሰላማዊ ሰልፍ በመገኘቷ ብቻ አትጠየቅም። የምትጠነቀቀው መሣሪያ ሊባል የሚችል ነገር እንዳትይዝ፣ ማንነቷን ለመሰወር ፊቷን እንዳትሸፍን፣ ፖሊስ ሰልፉ መበተኑን ካስታወቀ በኋላም ቆማ እንዳትቀር ነው። የመኖሪያ ፈቃዷን ከእጇ አትለይ፤ ስትመለስም ትደውልልዎ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቸርችል ጎዳና አጠገብ ካለች ቡና ቤት ተቀምጬ ጋዜጣ ማንበብ ልማዴ ነው። በ1994 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ቀኝ አክራሪውን ፖለቲከኛ ዣን ማሪ ለ ፔንን ለመቃወም ሚሊዮን ሆነው ሲወጡ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ዛሬ ልጁ ማሪን ለ ፔን አባቷ አግኝቶት የማያውቀውን ድምፅ ታገኛለች። ታዲያ ያ ሁሉ እግር ምን ፈየደ?

መልስ፦ ያስታወሱት ትክክል ነው፤ እንዲያውም አኃዙ ከሚሉት ይብሳል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2002 አባትየው 17 በመቶ በማይሞላ ድምፅ ለፕሬዚዳንት ምርጫው ሁለተኛ ዙር ሲያልፍ አገሪቱ ደነገጠች፤ ሜይ 1 ቀን በመላ ፈረንሳይ ከሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ፤ ከአራት ቀን በኋላም ዣክ ሺራክ በ82 በመቶ አሸነፈ። ነገር ግን ሃያ ዓመት ቆይቶ በ2022 በተካሄደው ሁለተኛ ዙር ልጅቱ ከ41 በመቶ በላይ አገኘች። ብራዚል ውስጥም ሴቶች «እሱ አይሆንም» ብለው በሴፕቴምበር 2018 በየከተማው ቢወጡ፣ የተቃወሙት ቀኝ አክራሪ ዕጩ ቦልሶናሮ ወር ሳይቆይ 55 በመቶ አግኝቶ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። በርሊን ላይ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ፖሊስ 160 ሺህ ሰው ቆጥሮ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን «አማራጭ ለጀርመን» ቀድሞ የነበረውን ድምፅ በእጥፍ አሳድጎ 20.8 በመቶ አገኘ። ያውም ከመራጩ 82 በመቶ በላይ በወጣበት ምርጫ ነው። ስለዚህ «ሕዝብ በብዛት ከወጣ ያበቃለታል» የሚሉትን አልከተላቸውም።

ይሁንና እግሩ ከአደባባይ ወደ ሠፈር ሲመለስ የሚሆነውን አንድ ቦታ ልንገርዎ፤ እኔ ራሴ ሰልፍን የምመዝንበት ምሳሌ ይህ ነው። በምሥራቅ ለንደን፣ በሦስት ወገን በቴምዝ ወንዝ የተከበበች አይል ኦፍ ዶግስ የምትባል ሠፈር አለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሮጌው ወደብ ፈርሶ የባንኮች ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ሲገነቡ፣ የወደብ ሠራተኞች ልጆች ግን የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት አጥተው ነበር። በተራ ጥበቃው መካከል «ቤቱን የሚያገኙት ባንግላዴሾች ናቸው» የሚል ወሬ ተነዛ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ዓመታት የጠበቀ የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ያውቀዋል። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1993 በተደረገው የማሟያ ምርጫ የቀኝ አክራሪው የብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ ዕጩ ዴሪክ ቢከን በ7 ድምፅ ብልጫ የአካባቢው ምክር ቤት አባል ሆነ። ልብ ይበሉ፤ በአንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩ ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ቤት በመዋላቸው የጠፋ ወንበር ነው።

በወሩ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ዌሊንግ ላይ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ወዳለበት ታላቅ ሰልፍ ተደረገ፤ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሣና ጋዜጦቹ የፈረስና የድንጋይ ፎቶግራፍ ይዘው ወጡ። ቢከንን ከወንበሩ ያነሣው ግን ያ ቀን አይደለም። የብርዱን ወራት ሙሉ ያ የአይል ኦፍ ዶግስ ሠፈር ቤት ለቤት ተዞረ፤ የተቆጣውን ሰው «ዘረኛ ነህ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ቤት ችግሩ መስማትና ድምፁን እንዲሰጥ መለመን ነበር ሥራው። ሜይ 1994 መደበኛው ምርጫ ሲደርስ ቢከን ያገኘው ድምፅ ከቀድሞው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ቤታቸው የቀሩት ሰዎች በብዛት ወጥተው ስለነበር ወንበሩን አጣ። የቆየው ስምንት ወር ያህል ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በቅርብ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ታይቷል። ኖቬምበር 2019 ቦሎኛ ውስጥ አራት ጓደኛሞች፣ ቀኝ አክራሪዎቹ የምረጡኝ ዘመቻ በሚከፍቱበት ምሽት አደባባዩን እንደ ሰርዲን ጣሳ ጥቅጥቅ አድርገን እንሙላው ብለው ጠሩ፤ ስማቸውም «ሰርዲኖቹ» ሆኖ ቀረ። የፓርቲ ባንዲራ አልተያዘም። በክልሉ ቀድሞ በነበረው ምርጫ ከመራጩ 38 በመቶ እንኳ ሳይወጣ ቀርቶ ነበር፤ በጃንዋሪ 2020 ግን 67 በመቶ ወጣና የቀኝ አክራሪዎቹ ዕጩ ተሸነፈች።

እንግዲህ የፈረንሳይን ነገር በዚህ ዐይን ቢያዩት ጥሩ ነው። በ2002 ለሺራክ ድምፅ ከሰጡት ብዙዎቹ እሱን ወደው ሳይሆን የባሰውን ለማገድ ነበር፤ ፋብሪካ ተዘግቶበት ለ ፔንን የመረጠው ሰው ዘንድ ግን ከሜይ 5 በኋላ ተመልሶ በሩን ያንኳኳ ጥቂት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ በሩን ደጋግማ ያንኳኳችው ማሪን ለ ፔን ነበረች። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ አንዳንድ አንባቢ ላይስማማ ይችላል። ሰልፉን ከንቱ ነው እንዳልል ግን የእኚያ የአራት ኪሎዋ እናት ልጅ ከዐይኔ አትጠፋም። በመጦሪያው ውስጥ የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው አሮጊቶች ልጆች «አንቺ ከእኛ ጋር ነሽ» ብለው በብርድ አብረዋት ቆመዋል፤ ይህ በምርጫ ሣጥን አይቆጠርም እንጂ በሰው አገር ለሚኖር ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ የምማር ተማሪ ነኝ። የዘረኛ ፖለቲከኛ ስብሰባ ላይ እንቁላል መወርወር፣ ንግግሩን በጩኸት ማቋረጥ እንደ ሰላማዊ ተቃውሞ ይቆጠራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጩኸትና ፉጨት በአብዛኛው የሰልፍ አካል ነው፤ በሰው ላይ ነገር መወርወር ግን ሰላማዊነቱን ያበቃል፤ የተወረወረው እንቁላልም ቢሆን። ከሕጉ ይልቅ አንተን የሚጠቅምህ የሆነው ነገር ይመስለኛል። በጁን 2009 የብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ መሪ ኒክ ግሪፊን የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆኖ በተመረጠ በማግስቱ፣ ለንደን ፓርላማው ፊት ለፊት መግለጫ ልስጥ ሲል በእንቁላል ተወግሮ ወደ መኪናው ሮጠ። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ እሱም «ሐሳቤን እንዳልገልጽ ታፈንኩ» የሚልበትን ምክንያት አገኘ፤ ወንበሩም ላይ እስከ 2014 ድረስ አምስት ዓመቱን ጨርሶ ተቀመጠ። በዚያው ለንደን፣ ባርኪንግና ዳገናም በተባለው ክፍለ ከተማ ደግሞ ፓርቲው በ2006 12 የምክር ቤት ወንበሮች ይዞ ነበር። እዚያ በጎ ፈቃደኞች ለወራት በራሪ ወረቀት ይዘው ከበር ወደ በር ዞሩ። በሜይ 2010 ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ ከ12ቱ አንድም አልተረፈለትም፤ ለፓርላማ የተወዳደረው ግሪፊን ራሱም በዚያው የምርጫ ክልል ሦስተኛ ወጣ።