የአባቴን ቅልቅል ዳጉሳ ልተወው?

ጥያቄ፦ አባቴ ሜጫ ውስጥ ዳጉሳ ያመርታል። ዘሩ ቅልቅል ነው። ጥቁርም ቀይም ነጭም አለበት፤ ጣቱ (ፍሬ የሚይዘው የራሱ ቅርንጫፍ) የተዘረጋም እንደ ጡጫ የተጨበጠም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የተሻሻለ ነጭ ዘር አግኝተን ገበያ ላይ ጥሩ ሄደልን። ዘንድሮ ማሳውን በሙሉ በነጩ እንዝራ ስለው እምቢ አለኝ። የድሮው ዘር አዲስ አበባ ጂን ባንክ (የአገር ዘር ተሰብስቦ የሚጠበቅበት ማከማቻ) ውስጥ ተቀምጦ የለም እንዴ? (የገበሬ ልጅ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ልክ ናቸው፣ አንተም ግማሽ ልክ ነህ። ነጩን ዝራ። ገዢው እንጀራው ነጣ ሲልለት ይወዳል፣ ብርም ብር ነው። ማሳውን በሙሉ ግን አይሆንም።

የዳጉሳ ዋና ጠላት ብላስት የሚሉት የሻጋታ በሽታ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምርና ዝናቡና እርጥበቱ ከተመቸው ወደ አንገቱ ይወጣል። አንገቱ ከጠቆረ በቃ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጣት ፍሬ ሳይሞላ ይደርቃል፤ በመዳፍህ ስታሸው ገለባ ብቻ ነው የሚቀርህ። ለዚህ በሽታ ነጮቹ ባብዛኛው ስስ ናቸው፣ ጥቁርና ቀዩ ይሻላሉ። ክፉ ዓመት ሲመጣ በቅልቅሉ ማሳ የወደቀው ይወድቃል፣ የቀረው ጎተራ ይገባል። አንድ ዓይነት የዘራ ሰው ግን አንዱን የጣለው በሽታ ሁሉንም ይጥልበታል።

ጂን ባንኩ አለ፣ እሱማ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የተቋቋመው። ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር የተሰበሰበበት ቀን ላይ ቆሞ የቀረ ነው። በሽታው በየዓመቱ ይለወጣል፣ የአባትህ ዘርም ማሳው ላይ አብሮት ይለወጣል። ደግሞስ የእናንተ ቅልቅል እዚያ ስለመግባቱ በምን አወቅህ? ባንኩን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘሩ በገበሬው እጅ ላይም ይቆይ ብለው ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራቸው ነው።

«ልዩ ልዩ ዘር ማቆየት ጥቅሙ የታለ?» ካልክ ሕንድን ተመልከት። ካርናታካ ውስጥ ላክሽማናያ የሚባሉ ዘር አዳቃይ የሕንዱን ዳጉሳ ከአፍሪካው ጋር አዳቀሉና ምርቱ ከፍ አለ። ዘሮቹን «ኢንዳፍ» አሏቸው፣ ኢንዲያና አፍሪካ ማለት ነው። የእኛ ደጋ ደግሞ ዳጉሳ ተነሳባቸው ከሚባሉት አገሮች አንዱ ነው። እናትህ ስፌት የምትሰፋበት አክርማ ራሱ የዳጉሳ ዘመድ ነው፣ ታውቅ ነበር?

እንግዲህ ከማሳው ጥግ ጥቂት መደብ ለቅልቅሉ ተውለት። ዳጉሳ ባብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፣ ስለዚህ ነጩ ጎን ቢዘራም እምብዛም አይበላሽብህም። ከአጨዳ በፊት ግባና ሃምሳ ስልሳ ራስ ምረጥ፤ ትልልቁን ብቻ አትልቀም፣ ከየቀለሙና ከየጣቱ ዓይነት ውሰድ። በደንብ አድርቀህ ቅል ውስጥ ክደነው። ነቀዝ ዳጉሳን እንደ በቆሎ አይደፍረውም፣ ደርቆ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆይልሃል።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጓዳ አንድ ኩባያ የዳጉሳ ዘር ይዤ ሄጄ ሜሪላንድ ጓሮዬ ብዘራውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻንጣ ውስጥ ሸጉጠሽ አትሂጂ። የአገር ዘር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አዋጅ አለ። አሜሪካም ብትደርሺ ወረቀት የሌለው ዘር ኤርፖርት ላይ ይወሰድብሻል። በዚያ ላይ ዳጉሳ አጭር ቀን ይወዳል። የእናንተ ሰፈር ሰኔ ላይ ፀሐይዋ 15 ሰዓት ገደማ ትቆያለች፣ ዳጉሳው ቅጠል ብቻ እያበዛ ሳያፈራ ውርጭ ሊደርስበት ይችላል።