ጥያቄና መልስ፦ ተጋራጅ ኮከቦች ብርሃናቸው ስለ ራሳቸው ምን ይነግረናል?

ስለ ጥንድ ኮከቦች ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፦ በሰማይ ላይ እንደ አንድ ነጥብ የሚታዩ፣ ግን ሁለት ሆነው እርስ በርስ የሚዞሩ ኮከቦች አሉ። የምህዋራቸው ጠርዝ ወደ እኛ ከሆነ ተራ በተራ ይጋረዳሉ። ብርሃናቸው ቀነስ ይልና ይመለሳል። ይህን ከሰዓቱ ጋር ስንመዘግበው የሚወጣው መስመር የብርሃን ግራፍ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደ አንድ ነጥብ ከታዩ ሁለት መሆናቸው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ መጀመሪያ የተጠረጠረው በዓይን ብቻ ነው። በ1783 እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ውስጥ ጆን ጉድሪክ የሚባል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት አልጎል የተባለውን ኮከብ ይከታተል ነበር። መስማት የተሳነው ልጅ ነው። ኮከቡ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ ደብዘዝ እንደሚል ደረሰበት። ጨለም ያለ አካል በፊቱ እያለፈ ይሆናል ብሎም ገመተ። በዚያው ዓመት የኮፕሊ ሜዳልያ የተባለውን የሳይንስ ሽልማት አገኘ፤ በ21 ዓመቱ ሞተ።

ማረጋገጫው የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1889 ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ፎግል የአልጎልን ብርሃን ወደ ቀለማቱ በትኖ ተመለከተ፤ የተበተነው ብርሃን ስፔክትረም ይባላል። ኮከብ ሲሸሽ ብርሃኑ ወደ ቀይ፣ ሲቀርብ ወደ ሰማያዊ ሸርተት ይላል፤ ይህ የዶፕለር ለውጥ ነው። ኮከቡ ከመጋረዱ በፊት ከእኛ ይሸሻል፤ ከተጋረደ በኋላ ወደ እኛ ይመጣል። የሚዞረው ነገር ከሌለ ይህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በግራፉ ላይ ሁለት ጉድጓድ አለ፣ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ጥልቁ ትልቁ ኮከብ የተጋረደበት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ይህን ስህተት በየቦታው አገኘዋለሁ፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ምህዋሩ ክብ ከሆነ በሁለቱም ግርዶሽ የሚሸፈነው ስፋት እኩል ነው። ትንሹ በትልቁ ፊት ሲያልፍ የራሱን ያህል ክብ ይሸፍናል። ትንሹ ከኋላ ሲገባም የሚጠፋው ያው የራሱ ክብ ነው። ስፋቱ እኩል ከሆነ ልዩነቱ የሚመጣው ከየት ነው? ከተሸፈነው ፊት ድምቀት ነው። ጥልቁ ጉድጓድ የበለጠ የጋለው ኮከብ የተጋረደበት ነው። ትልቅም ትንሽም ሊሆን ይችላል።

ይህን ወደ ቁጥር መለወጥም ይቻላል። በአንዱ ግርዶሽ 40 በመቶ፣ በሌላው 10 በመቶ ብርሃን ጠፋ እንበል። የፊታቸው ድምቀት 4 ለ 1 ነው። ድምቀት በሙቀት አራተኛ ደረጃ ስለሚያድግ የሙቀታቸው ንጽጽር 1.41 ገደማ ይሆናል። አንዱ 8,000 ኬልቪን ከሆነ ሌላው 5,650 አካባቢ ነው። ይህ እንግዲህ ሁሉንም የብርሃን ዓይነት ደምረን ለካን ብለን ነው። አንድ ቀለም ብቻ በሚያሳልፍ ፊልተር ከለካችሁ በዚያ ቀለም ያለውን ድምቀት ማስላት ይኖርባችኋል።

ደግሞ ይህን ያዙ፦ ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑና አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው የሚጠፋው ግማሽ ብርሃን ነው፣ በማግኒቲዩድ (የኮከብ ድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ኮከቡ ይደበዝዛል) 0.75። አልጎል ከ2.1 ወደ 3.4 ይወርዳል፤ ከግማሽ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጋረደው ኮከብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ብርሃኑን ይሰጥ ነበር። ጓደኛው ደካማ ነው። ደካማው የሚጋረድበት ሁለተኛው ግርዶሽ በጣም ትንሽ ስለሆነ እስከ 1910 ድረስ ማንም አላየውም። ጆኤል ስቴቢንስ በሴሊኒየም ብርሃን መለኪያ ነው የያዘው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከግራፉ ብቻ የኮከቡን ሬዲየስ በኪሎሜትር ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም ወንድሜ፤ ከዛሬው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። ግራፉ የሚሰጥህ ንጽጽር ነው። ፎቶ ላይ ያለ ቤት አጠገቡ ሰው ካልቆመ ትልቅነቱ እንደማይታወቅ ማለት ነው። ሰውየውን የሚያቆምልህ ስፔክትረም ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። ሁለት ተመሳሳይ ኮከቦች በክብ ምህዋር በ4 ቀን አንዴ ይዞራሉ፤ ጠርዙ በትክክል ወደ እኛ ነው። ግርዶሹ ከመጀመሪያው ንክኪ እስከ መጨረሻው 6 ሰዓት ይፈጃል። 4 ቀን 96 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት የዚህ 6.25 በመቶ ነው። ይህን በፓይ አባዛና ሳይኑን ውሰድ፤ 0.195 ይመጣል። የሁለቱ ሬዲየስ ድምር በመካከላቸው ካለው ርቀት 19.5 በመቶ ነው ማለት ነው። እዚህ ድረስ አንድም ኪሎሜትር የለም።

አሁን ስፔክትረሙ ይምጣ። በዶፕለር ለውጥ እያንዳንዱ ኮከብ በሰከንድ 100 ኪሎሜትር ሲሮጥ ተለካ። አንዱ ከሌላው አንጻር 200 ነው። 4 ቀን 345,600 ሰከንድ ነው፤ አንድ ዙር 69 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ሆነ። ለሁለት ፓይ ስታካፍለው በመካከላቸው ያለው ርቀት 11 ሚሊዮን ኪሎሜትር ይሆናል። የሬዲየሶቹ ድምር የዚህ 19.5 በመቶ፣ ማለትም 2.15 ሚሊዮን ኪሎሜትር ነው። እኩል ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 1.07 ሚሊዮን፣ የፀሐይን አንድ ተኩል እጥፍ። ርቀትንና የዙር ጊዜን ከመጠነ ቁስ ጋር በሚያያይዘው የኬፕለር ሕግ ካሰላህ ደግሞ ጠቅላላው መጠነ ቁስ የፀሐይን 3.3 እጥፍ ይወጣል። ፍጥነታቸው እኩል ነውና እኩል ይካፈሉታል።

ፍጥነታቸው እኩል ባይሆን ኖሮ የሚፈጥነው ቀላሉ ነበር። ኮከብን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚባል ነገር ካለ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ግርዶሽ በሁለቱ ዋና (ጥልቅ) ግርዶሾች መሃል ላይ አልወደቀም። መረጃዬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ምህዋሩ ሞላላ ከሆነ ሁለተኛው ግርዶሽ ከመሃል ሊንሸራተት ይችላል፤ የሁለቱ ግርዶሾች ርዝመትም ሊለያይ ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት ስለ ሞላላነቱ ግማሹን መረጃ ይሰጥሻል፣ ሁለተኛው የቀረውን። ሰዓት መመዝገቢያሽን ግን አንዴ ፈትሺው።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይነት መረጃ ለሁለት ሰዎች ሰጠን። በአንድ ዓይነት ሶፍትዌር ሠርተው የተለያየ ሬዲየስ አመጡ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ምናልባት ሁለቱንም አትመኑ። ሶፍትዌር ተጠየቀ ማለት ቁጥር ሰጠ ማለት ነው፤ አላውቅም አይልም። ዊልሰንና ዴቪኒ በ1971 ያወጡት ፕሮግራምም ሆነ በእሱ ላይ የተገነባው ፊቢ ግሩም ሥራዎች ናቸው። ችግሩ ግራፉ ራሱ አንዳንዴ ሁለት ታሪክ መሸከሙ ነው።

ግርዶሹ ከፊል ከሆነ አንዱን ኮከብ ትንሽ አተልቀን፣ ሌላውን አሳንሰን፣ የምህዋሩን ዘንበል ማለት ብናስተካክል ጉድጓዱ ያው ሊመስል ይችላል። የሬዲየሶቹ ድምር በደንብ ይታወቃል፤ ንጽጽራቸው ግን ይንሸራተታል። ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ታች ላይ ጠፍጣፋ ወለል ይታያል፤ ያኔ እፎይ ነው።

ሌላው ጣጣ ሦስተኛ ብርሃን ነው። ከኋላ ወይም ከጎን ያለ ሌላ ኮከብ ብርሃኑን ሲጨምር ጉድጓዱ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። አልጎል ራሱ በ680 ቀን ገደማ የሚዞር ሦስተኛ ኮከብ አለው። የኮከቡ ፊት ጠርዙ ላይ ከመሃሉ ደብዘዝ የሚል መሆኑም በስሌቱ መግባት አለበት። መፍትሔው? በስፔክትረም ከሁለቱ ኮከቦች የሚመጣውን የብርሃን ንጽጽር ለክታችሁ ለሶፍትዌሩ ስጡት። መንሸራተቱን በአብዛኛው የሚያቆመው እሱ ነው። ያለዚያ ከነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ ያለው ሬዲየስ ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ፈገግ በሉ።

ጥያቄ፦ የኔ ግራፍ ጠፍጣፋ ቦታ የለውም፤ ሁልጊዜ ይወዛወዛል።

መልስ፦ ኮከቦቹ በጣም ተቀራርበው ቅርጻቸው ተጎትቷል ማለት ነው። ሰፊ ጎናቸውን ሲያሳዩን ይደምቃሉ። ዳብሊው ኡርሳ ማጆሪስ የተባለው ጥንድ የዚህ ቤተሰብ ስም አውጪ ነው፤ ሁለቱ ኮከቦች ተነካክተው በ8 ሰዓት አንዴ ይዞራሉ። እነዚህን እንደ ክብ ኳስ ቆጥሮ ማስላት አይሠራም።

ጥያቄ፦ በአልጎል ውስጥ ቀላሉ ኮከብ ነው ያረጀው ይባላል። ከባድ ኮከብ ቶሎ ያረጃል ብላችሁ አስተምራችሁን አልነበር?

መልስ፦ አስተምረናል፣ አሁንም እውነት ነው። የጋለው ኮከብ የፀሐይን 3.2 እጥፍ ያህል መጠነ ቁስ አለው፤ ጓደኛው 0.7 ብቻ። ነገር ግን ቀላሉ ተለጥጦ በሬዲየስ 3.5 ፀሐይ ሲደርስ ከባዱ 2.7 ነው። መለጠጥ የእርጅና ምልክት ነው። ታዲያ ምን ሆነ? ዛሬ ቀላል የሆነው ድሮ ከባዱ ነበር። ቀድሞ አረጀ፣ አበጠ፣ ውጫዊ አካሉን ጓደኛው ሳበበት። ሀብቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። መጠነ ቁስና ሬዲየስ ለየብቻ ባይለኩ ኖሮ ይህን ማንም አያስበውም ነበር።

ጥያቄ፦ በ2022 ሁለት ኮከቦች ተዋህደው በዓይን ይታያሉ ተብሎ ነበር። የት ገባ?

መልስ፦ ኬአይሲ 9832227 የሚባለው ነው። በ11 ሰዓት የሚዞር የተነካካ ጥንድ ነው። የግርዶሾቹ ሰዓት እየቀደመ ስለመጣ በ2022 ይዋሃዳሉ የሚል ትንበያ በ2017 ወጣ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ከቆየ ጽሑፍ የተወሰደ አንድ የግርዶሽ ሰዓት በ12 ሰዓት የተዛባ መሆኑን አገኙ። እሱ ሲታረም ትንበያው ፈረሰ። ሐሳቡ ራሱ ግን ባዶ አይደለም። ቪ1309 ስኮርፒ የተባለው ሌላ ጥንድ በ2008 ሲፈነዳ የቀደሙት ዓመታት መዝገብ ተፈተሸ። 1.4 ቀን ገደማ የነበረው ዙሩ እያጠረ ሄዶ ኮከቦቹ ሲዋሃዱ በግልጽ ታየ።

ጥያቄ፦ ፕላኔት የሚፈልጉትም ይህንኑ ዘዴ ነው አይደል የሚጠቀሙት?

መልስ፦ አዎ። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት በፀሐይ ፊት ሲያልፍ የሚጋርደው 1 በመቶ ገደማ ነው። ችግሩ ተጋራጅ ጥንዶች ፕላኔት መስለው ማታለላቸው ነው። ሩቅ ያለ ደካማ ጥንድ ከደማቅ ኮከብ ጋር ከተደባለቀ ጥልቅ ጉድጓዱ ሟሙቶ 1 በመቶ ይመስላል። ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጉድጓዶች (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ) ከሙሉዎቹ (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ) ጋር ያነጻጽራሉ። ጥልቀታቸው ከተለያየ ፕላኔት አይደለም፣ ሁለት ኮከቦች ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? ተሳደብክ አትበሉኝ።

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዱ ጥቅም ርቀት ነው። ሬዲየሱን በኪሎሜትር ካወቅህ፣ ከቀለሙ ደግሞ የፊቱን ድምቀት ካገኘህ፣ ምን ያህል ደብዝዞ እንደሚታይ አይተህ የት እንዳለ ታሰላለህ። በ2019 ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ባሉ 20 ተጋራጅ ጥንዶች ርቀቱ ተለካ። 162,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ወጣ፤ ስህተቱ 1 በመቶ አካባቢ ነው። የዩኒቨርስን የመስፋፋት ፍጥነት የሚለኩ ሰዎች የርቀት መለኪያ መሰላላቸውን አንድ እግር እዚህ ላይ ነው የሚተክሉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ቴሌስኮፕ የለኝም። እኔም ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ በሚገባ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ምሽቶች ፊትሽን ወደ ሰሜን አዙሪ። መጀመሪያ የካሲዮፒያን ዳብሊው ቅርጽ ፈልጊ። በግሪኮቹ ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፣ ዘመድ ነን ማለት ነው። ከእሷ በስተምሥራቅ ፐርሴየስ የተባለው የኮከቦች ስብስብ አለ፤ አልጎል እዚያ ውስጥ ነው። ማወዳደሪያ ኮከቦች ያዢ፦ አልማክ 2.1፣ ኤፕሲሎን ፐርሴይ 2.9፣ ካፓ ፐርሴይ 3.8። በየግማሽ ሰዓቱ አልጎል ከየትኛው እንደሚበልጥ፣ ከየትኛው እንደሚያንስ ጻፊ። ግርዶሹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 10 ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ አንድ ሌሊት ላይበቃሽ ይችላል።

ሰዓቱን መያዝ ቀላል ነው። ድብዘዛው በየ3 ቀኑ በ3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይቀድማል። ዛሬ ዝቅተኛው ከሌሊቱ 9:00 ላይ ከሆነ፣ ከ3 ሌሊት በኋላ ከሌሊቱ 5:49፣ ከዚያ ከ3 ሌሊት በኋላ ከምሽቱ 2:38። የመጨረሻው ነው የሚመቸው፣ እንቅልፍ አያሳጣም።

ጥያቄ፦ ካሜራ ቢኖረኝስ?

መልስ፦ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራና ትሪፖድ ይበቃሃል። ፎከሱን ትንሽ አበላሸው፤ ኮከቡ ሰፋ ብሎ ይወድቅና ብርሃኑ ሞልቶ አይፈስም። ፋይሉን በጥሬው አስቀምጥ፣ አረንጓዴውን ቀለም ብቻ ለይተህ ለካ። አልጎልንና ማወዳደሪያውን በአንድ ፎቶ ውስጥ አስገባ፤ ስስ ደመና ቢያልፍ እንኳ በሁለቱም ላይ ስለሚያልፍ ጉዳቱ ይቀንሳል። የካሜራህን ሰዓት በስልክህ አስተካክል። ለወራት ከቀጠልክ ደግሞ ምድር በምህዋሯ ላይ ያለችበትን ቦታ አስላበት፤ ብርሃኑ እንደ ወቅቱ እስከ 8 ደቂቃ ገደማ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል።