ለመገጣጠሚያ በሚሰጥ መርፌ ቲቢ ምን አገባው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ሕመም ከያዘኝ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሜቶትሬክሴት በሳምንት 20 ሚሊግራም እየወሰድኩም ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ይሉኛል። ሐኪሜ አዳሊሙማብ የሚባል መርፌ ሊጀምሩልኝ ነበር፤ ኳንቲፌሮን በሚባለው የደም ምርመራ ድብቅ ቲቢ ተገኘ ብለው አዘገዩብኝ። ሳል የለኝም፣ ራጄም ንጹሕ ነው። በሕፃንነቴ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትቤያለሁ። መርፌው «ቲኤንኤፍን ያግዳል» ተብያለሁ፤ ምን ማለት ነው? ልጆቼንስ አስይዛቸው ይሆን?

መልስ፦ ከልጆችዎ ልጀምር፤ አያስይዟቸውም። ድብቅ ቲቢ ማለት ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ታጥሮ ተኝቷል ማለት ነው፤ በትንፋሽ አይወጣም። ምርመራውን ቢሲጂ ያሳሳተው እንዳይመስልዎ። ክትባቱ የሚያደናግረው ክንድ ላይ የሚወጋውን የቆዳ ምርመራ ነው እንጂ ኳንቲፌሮንን አይደለም። ሐኪምዎ መርፌውን ማዘግየታቸውም ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ያው የጠየቁት ቲኤንኤፍ ነው።

ቲኤንኤፍ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በተለይ ማክሮፋጅ የሚባሉት፣ የሚለቁት ፕሮቲን ነው። ሌባ ሲገባ ጎረቤት በኡኡታ እንደሚጠራራው፣ ጀርም ሲገባ ሕዋሳት የሚጠራሩት በእሱ ነው። ጥሪው ሲሰማ የደም ስሮች ግድግዳ ይላላል፤ ፈሳሽና ነጭ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። እብጠቱ፣ ሙቀቱና ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሩማቶይድ ኡኡታው ሌባ ሳይኖርም አያቆምም። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይወፍራል፣ አጥንት የሚሰረስሩ ሕዋሳት ይነሳሳሉ፣ የአጥንቱ ጫፍ ይበላል። ጥሪውን ማፈን የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጥሪው ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት የያዘው ሰው ፔኒሲሊን ሲወጋ፣ ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ ሲያልቅ ቲኤንኤፍ በደም ውስጥ ያሻቅባል፤ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ እንዲህ ሲሆኑ፣ ቀድሞ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን 10ሩ ብቻ ናቸው።

ቲቢ ላይ ሲሆን ግን ይኸው ኡኡታ ጠባቂዎ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ሲገባ ማክሮፋጆች ከበው ያጥሩታል፤ አጥሩ ግራኑሎማ ይባላል። ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ሳይሞት ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አጥሩ እንደ ድንጋይ ካብ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሕያው ሕዋሳት ትከሻ ለትከሻ የቆሙበት ነው። በቦታቸው የሚያቆያቸውና ባክቴሪያውን የመግደል ጉልበት የሚሰጣቸው ሳያቋርጥ የሚለቀቀው ቲኤንኤፍ ነው። አዳሊሙማብ ደግሞ የጣትዎን መርጦ አያፍንም፤ ሳንባዎ ውስጥ ያለውንም ጥሪ ያፍነዋል፣ አጥሩም ሊፈርስ ይችላል። ከዚሁ ወገን የሆነው ኢንፍሊክሲማብ በ1998 ገበያ ላይ በዋለ በሦስተኛው ዓመት፣ በ2001፣ መድኃኒቱን ሲወስዱ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቲቢው ከሳንባ ውጭ ነበር፤ አብዛኞቹ የታመሙትም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ዛሬ ምርመራው ሁልጊዜ የሚቀድመው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የታጠረው ይጽዳ። አሜሪካ ውስጥ ከሚሰጡት አንዱ አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት ነው፤ ሌላው ሪፋምፒሲን በየቀኑ ለአራት ወር። አዳሊሙማብ ይህ መድኃኒት እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የቲቢው መድኃኒት ከተጀመረ ከአንድ ወር በኋላ ይጀመራል። የቲቢውን መድኃኒት ግን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ።

እዚህ ላይ የሚያሳስቡኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጉበት ነው። አይሶኒያዚድም ሜቶትሬክሴትም ጉበት ይጫናሉ፤ በየወሩ የጉበት ምርመራ ይጠይቁ፣ ጠላና ጠጅ ጨምሮ አልኮል ይተዉ። ሽንት በሪፋፔንቲን ወይም በሪፋምፒሲን ብርቱካንማ ቢሆን አያስደንግጥዎ፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከበረታ ግን መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ይደውሉ። ሁለተኛው ወሊድ መከላከያ ነው። ሪፋፔንቲንና ሪፋምፒሲን የእንክብልና የክንድ መከላከያን ያዳክማሉ፤ ሜቶትሬክሴት ደግሞ ፅንስ ይጎዳል። ስለዚህ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም ያስፈልግዎታል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የእብጠት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም እነዚሁ ሁለቱ ኃይሉን ስለሚቀንሱት የመገጣጠሚያው ሕመም ሊያገረሽ ይችላል፤ መጠኑን ሐኪምዎ ያስተካክሉ።

አዳሊሙማብ የሚወጋው 40 ሚሊግራም በየሁለት ሳምንቱ፣ ጭን ወይም ሆድ ላይ ከእምብርት አምስት ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ቦታ እየለወጡ ነው። ከማቀዝቀዣ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ቀዝቃዛው ያቃጥላል። ትኩሳት ካለብዎ ወይም አንቲባዮቲክ ከጀመሩ መርፌውን አይውጉ፣ መጀመሪያ ይደውሉ። ኳንቲፌሮንዎ ከዚህ በኋላ አዎንታዊ እንደሆነ ሊቀር ስለሚችል ደጋግሞ ማሠራት አይጠቅምም፤ በንቃት መከታተል ያለብዎ የበሽታውን ምልክት ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያርስ ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ አንገት ላይ ንፍፊት፣ የሆድ ማበጥ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የጀርባ ሕመም ካለ፣ ሳል ባይኖርም ራጅ ንጹሕ ቢሆንም፣ «ቲኤንኤፍ የሚያግድ መርፌ እወስዳለሁ» ብለው ይናገሩ።

አገር ቤት ለመሄድ ካሰቡ የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሆነ በመርፌው ላይ ሳሉ አይወሰድም፤ አሁኑኑ ሐኪምዎን ያማክሩ። እዚያ ሲደርሱ ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ይቅርብዎ፤ ሊስቴሪያና ብሩሴላ የመሳሰሉ ጀርሞችም ቲኤንኤፍ ሲታፈን ይበረታሉ። መርፌውን በእጅ ሻንጣ በቀዝቃዛ ቦርሳ ይያዙ እንጂ ወደ ጭነት አይስጡት፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ከ25 ዲግሪ በታች እስከ 14 ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ መቆየት ይችላል፤ ያወጡበትን ቀን ሳጥኑ ላይ ይጻፉት።