መቶውን ሾርትከት ተዪውና እነዚህን ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 94 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ በዎርድ ጽፈሻል። ዋናው ክፍል አማርኛ ነው፣ አጠቃሎውና ከፊል ዋቢው እንግሊዝኛ። አማካሪሽ «ይዘቱ ጥሩ ነው፣ ፎርማቱን አስተካክለሽ አምጪ» ብሎ መልሶልሻል። ማውዝ ስትጎትቺ እየዋልሽ የእጅሽ አንጓ አመመሽ። መቶ ሾርትከት፣ ማለት በማውዝ ፈንታ በቁልፍ የሚሰጥ ትእዛዝ፣ የተዘረዘረበት ወረቀት አግኝተሽ ለመሸምደድ ሞከርሽ፣ አሥራ ምናምነኛው ላይ ሰለቸሽ። «የምር የሚጠቅሙት የትኞቹ ናቸው?» ነው ያልሽው።

ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ታይፕ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ክፍያው በገጽ ነበር። በገጽ የሚከፈለው ሰው ማውዝ በነካ ቁጥር ሳንቲሙ ሲንጠባጠብ ይታየዋል። በዚያ ላይ የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ተማሪው በር ላይ ቆሞ «የእኔስ ደረሰ?» ይላል። ስለዚህ የምነግርሽ ሁሉ ጣቴ የለመደውን ነው።

ኮንትሮል ቢን፣ ማለት ኮንትሮልን ይዞ ቢን መጫን፣ ሁሉም ያውቃል። ቦልድ ማድረግ ጊዜ አይበላም። ጊዜ የሚበላው በስፔስና በኢንተር የተሠራ ፎርማት ነው። የአንቺም ጽሑፍ፣ ሳላየው ልፍረድና፣ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ለማየት ኮንትሮል ሺፍት 8ን ተጫኚ። 8ቱ ከፊደላቱ በላይ ያለው ነው፣ በቀኝ ጥግ ያለው አይሠራም። ገጹ በነጠብጣብና የተገለበጠ ፒ በሚመስል ምልክት ይሞላል። አትደንግጪ፣ ፕሪንት ላይ አይወጣም። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ስፔስ ናት። የተገለበጠው ፒ ኢንተር ነው። ወደ ቀኝ የምታመለክት ቀስት ታብ ናት። ታጥፋ ወደ ግራ የምትመለስ ቀስት ካየሽ ደግሞ ሺፍት ኢንተር ነው፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ በፍላሽ ያመጣልኝን ጽሑፍ እንዲህ ገለጥኩት። «ምዕራፍ አንድ» የምትለዋ ርዕስ መሐል የቆመችው በ31 ስፔስ ተገፍታ ነው። ቆጥሬያታለሁ። ምዕራፍ ሁለት ከአዲስ ገጽ እንዲጀምር ኢንተር 19 ጊዜ ተጭኗል። ምዕራፍ አንድ ላይ አማካሪው ያዘዘውን ሁለት መስመር ስጨምር፣ የምዕራፍ ሁለት ርዕስ ተንሸራቶ ወረደ፣ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ተከትሎት ሄደ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ «ቅድም እኮ ልክ ነበር!» ይላል። ልክ አልነበረም፣ ልክ መስሎ ነው የቆመው።

መድኃኒቱ ሁለት ቁልፍ ነው። ስፔሶቹን አጥፊና ኮንትሮል ኢ በይ፣ ርዕሱ መሐል ይገባል። ኢንተሮቹን አጥፊና ኮንትሮል ኢንተር በይ፣ ገጹ ይቆረጣል፣ ከላይ ምንም ብትጨምሪ ምዕራፉ ሁልጊዜ ከአዲስ ገጽ ይጀምራል። ኤል ወደ ግራ፣ አር ወደ ቀኝ፣ ጄ ሁለቱንም ጠርዝ እኩል ለማድረግ ነው። ሁሉም ከኮንትሮል ጋር። ጉግል ዶክስ ላይ ከሆንሽ እነዚህ አራቱ ላይ ሺፍት ጨምሪበት።

በጄ ላይ አንድ ነገር። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ መስመር ሲሞላ አይቆረጥም። ስለዚህ ጀስቲፋይ ስታደርጊው በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። መመሪያው ካላስገደደሽ አማርኛውን በኤል ብትተዪው ለዓይን ይሻላል ባይ ነኝ። ካስገደደሽም መስመር መጨረሻ ላይ ሺፍት ኢንተር እንዳይኖር ተጠንቀቂ። ያ ምልክት ያለበት መስመር ሁለት ቃል ብቻ ቢኖረው እንኳ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሄዳል። «ኮምፒውተሩ አበደ» ብለው የሚያመጡልኝ አብዛኛው ይኼ ነበር።

የመስመር ክፍተት ደግሞ በቁጥር ነው። ኮንትሮል 1 ነጠላ፣ ኮንትሮል 2 ድርብ፣ ኮንትሮል 5 አንድ ተኩል። የአብዛኛው መመረቂያ ጽሑፍ መመሪያ አንድ ተኩል ይላልና 5ን ያዢ። ኮንትሮል ኤ ብለሽ ሁሉንም መርጠሽ ኮንትሮል 5 ማለት ያጓጓል። ግን ሽፋኑንም ሰንጠረዡንም አብሮ ይለጥጠዋል። ምዕራፍ በምዕራፍ ሂጂ።

ለመምረጥም ማውዝ አያስፈልግሽም፣ አንጓሽን ያሳመመሽ እሱ ነው። ኮንትሮል ሺፍት ይዘሽ የታች ቀስት ስትጫኚ አንድ አንቀጽ ይመረጣል። የቀኝ ቀስት ከሆነ ቃል በቃል ይሄዳል።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ሰው የጻፈልሽ ወይም ከቴሌግራም የገለበጥሽው አንቀጽ የራሱን መልክ ይዞ ይመጣል። አንዱ ጠበብ፣ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ግራጫ። አንቀጹን መርጠሽ ኮንትሮል ኪው ስትዪ የአንቀጹ ጣጣ፣ ማለት ገባ ማለቱና ክፍተቱ፣ ይጠፋል። ኮንትሮል ስፔስ ስትዪ ደግሞ የፊደሉ ጣጣ፣ ቀለሙ፣ መጠኑ፣ ቦልዱ፣ ፎንቱ ይጠፋል። እነዚህን ሁለቱን ከሁሉም በላይ እወዳቸዋለሁ።

ግን ኮንትሮል ስፔስ ጉድ ሠርቶኛል። አንድ ትልቅ ሰው ዱሮ የተጻፈ 80 ገጽ ገደማ የአማርኛ ጽሑፍ አመጡ። ከዩኒኮድ፣ ማለት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት፣ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ነው። በእነዚያ ፎንቶች ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ ሲለብሰው ብቻ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ኮንትሮል ኤ፣ ኮንትሮል ስፔስ። ገጹ በሙሉ ቅንፍ፣ ጥያቄ ምልክትና የፈረንጅ ፊደል ሆነ። ሰውዬው ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። «ምን አደረግሽው ልጄ?» አሉኝ። ኮንትሮል ዜድ ብዬ መለስኩት፣ እጄ ግን ሻይ እስክጠጣ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቆየ ፋይል ሲመጣ መጀመሪያ አንዲት ቃል ላይ ብቻ እሞክራለሁ። አንቺም ከቆየ ፋይል የገለበጥሽው ካለ እንዲሁ አድርጊ።

ርዕሶችሽን አሁን በምን እንደሠራሻቸው እገምታለሁ። መርጠሽ ቦልድ፣ መጠኑን 14፣ ከዚያ ቀጣዩን ርዕስ ፍለጋ። ተዪው። ርዕሱ ላይ ቆመሽ ኮንትሮል አልት 1 በይ፣ የምዕራፍ ርዕስ ይሆናል። ንዑስ ርዕሱን ኮንትሮል አልት 2፣ ከሱ በታች ያለውን 3። ወደ ተራ ጽሑፍ ለመመለስ ኮንትሮል ሺፍት ኤን። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ርዕሱ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣበትና ደንግጦ ይተወዋል። አትተዪው። አንዷን ርዕስ ብቻ ጥቁር፣ 14፣ የምትፈልጊው ፎንት አድርጊያት። እሷ እንደተመረጠች ላይ ካለው የስታይል ሰልፍ «ሄዲንግ 1» የሚለውን በማውዝ ቀኝ ቁልፍ ነክተሽ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ምረጪ፣ ከተመረጠው ጋር አመሳስል የሚለውን። የቀሩት ርዕሶች ሁሉ በአንዴ እሷን ይመስላሉ። አማካሪሽ ነገ «14 ሳይሆን 16» ቢል የምትነኪው አንዷን ነው። ማውጫውንም ዎርድ ራሱ ከእነዚህ ርዕሶች ያወጣልሻል፣ ገጽ ቁጥር በእጅ መጻፍ ቀረ። ምዕራፍ ሲጨመር ሲቀነስ ማውጫው ላይ ቆመሽ ኤፍ 9 በይ፣ ቁጥሮቹ ይታደሳሉ።

ኤፍ 4 መጨረሻ የሠራሽውን ይደግማል። አንዷን ቃል ቦልድ አድርገሽ ቀጣይዋ ላይ ኤፍ 4፣ ቀጣይዋ ላይ ኤፍ 4። ላፕቶፕሽ ላይ ድምፅ ወይም ብርሃን ከቀየረብሽ ኮንትሮል ዋይ ተጠቀሚ፣ ያው ነው። መልክን ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ለመውሰድ ዱሮ ኮንትሮል ሺፍት ሲ እና ኮንትሮል ሺፍት ቪ ነበር። በአዲሶቹ ዎርዶች ላይ ግን ሺፍቱ በአልት ተተክቷል። ኮንትሮል ሺፍት ቪ አሁን ጽሑፉን ብቻ፣ ያለ መልኩ፣ ይለጥፋል። ከቴሌግራም ለምትገለብጪው እንዲያውም እሱ ይሻላል።

አማርኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያ መቶ ሾርትከት ያለበት ወረቀት ይኼን አይነግርሽም።

አራት ነጥብሽን ተመልከቺ። አንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝኛ ኮለን ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ፣ አንዳንዱ ቦታ እውነተኛው አራት ነጥብ። ስክሪን ላይ ይመሳሰላሉ፣ ፕሪንት ላይ ግን ይለያያሉ። ኮንትሮል ኤች በይ። ከላይ የተሳሳተውን፣ ከታች ትክክለኛውን «።» አስገቢና ሁሉንም ተኪ። መጀመሪያ ሁለቱን ኮለኖች አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ሁለት ነጥቦች። በሦስተኛው ዙር ከላይ አንድ ስፔስና «።» ጻፊ፣ ከታች «።» ብቻ። ይኼ አራት ነጥቡ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን የሚቆምበትን ነገር ያስቀርልሻል። ሦስት ዙር፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የኔ አለቃ ይኼን በዓይኑ እየፈለገ ነበር የሚያስተካክለው።

በዚያው ሳጥን የተደራረቡ ኢንተሮችንም ታጸጃለሽ። ከቁጥር 6 በላይ ያለችውን ባርኔጣ የመሰለች ምልክት፣ ቀጥሎ ትንሿን ፒ ጻፊ፣ ይኼ ኢንተር ማለት ነው። ከላይ ሁለት ጊዜ፣ ከታች አንድ ጊዜ። መጀመሪያ ግን የፋይሉን ቅጂ ያዢ።

የሰው ኮምፒውተር ላይ ሆነሽ የአማርኛ ኪቦርድ ከሌለ 1362 ብለሽ ጽፈሽ ወዲያው አልት ኤክስ ተጫኚ፣ ቁጥሩ አራት ነጥብ ይሆናል። 1363 ነጠላ ሰረዝ፣ 1364 ድርብ ሰረዝ ነው። ለአንድ ሁለት እርማት ይበቃል።

ሌላው፣ «2015» መስመር መጨረሻ ላይ ቀርቶ «ዓ.ም.» ወደ ታች ሲወርድ ያናድዳል። በመካከላቸው ተራ ስፔስ ከመጫን ኮንትሮል ሺፍት ስፔስ በይ፣ ተጣብቀው ይሄዳሉ። «አቶ» እና ስሙንም እንዲሁ።

ፊደል የሚያዘምመውን ኮንትሮል አይ አማርኛ ላይ አትጠቀሚ። የእኛ ፊደል በተለምዶ የተጋደመ መልክ የለውም፣ ዎርድ በግድ ያዘምመዋል፣ ሰክሮ የቆመ ይመስላል። ማጉላት ከፈለግሽ ቦልድ ይበቃል። እሱም ፎንቱን ያያል። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት የራሱ ቦልድ ስለሌለው ዎርድ ያደነድነዋል፣ በትንሽ መጠን ፊደሉ ይጨፈናል። ኤብሪማና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች የራሳቸው ቦልድ አላቸው። «ታይምስ ኒው ሮማን ይሁን» የሚለው መመሪያ ደግሞ ለእንግሊዝኛው ነው። ታይምስ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም፣ ስትመርጪው ዎርድ የራሱን ፎንት ፈልጎ ይተካልሻል። ለአማርኛው የትኛውን እንደሚፈልጉ አማካሪሽን ጠይቂ።

ሾርትከቱ እምቢ ሲልሽ መጀመሪያ ኪቦርዱን እይ። አማርኛው ላይ ሆኖ የማይታዘዝ ቁልፍ ያጋጥማል፣ በተለይ አልት ያለበት። ዊንዶውስ ስፔስ ብለሽ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሪና ድገሚው።

የማያስፈልጉሽም አሉ። ሺፍት ኤፍ 3 ትልቅና ትንሽ ፊደል ይቀያይራል፣ እኛ ትልቅ ፊደል የለንም፣ ለዋቢው እንግሊዝኛ ብቻ ይሆንሻል። አልት ሺፍት ዲ ቀን ያስገባል፣ ግን ቀኑ የፈረንጅ ነው፣ ደግሞም ፋይሉን በከፈትሽ ጊዜ ወደዚያ ቀን ሊለወጥ ይችላል። አሁን በምሠራበት ቢሮ በዚህ የተነሣ የባለፈው ወር ደብዳቤ የዛሬ ቀን ይዞ ፕሪንት ተደርጎ ያውቃል። ቀን በእጅሽ ጻፊ።

ለመልመዱ፣ ዛሬ ኢ፣ ኪው እና ኮንትሮል አልት 1ን ብቻ ያዢ። በቢጫ ወረቀት ጽፈሽ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፊ። ጣትሽ ሳያይ ሲሄድ ወረቀቱን ቀይሪ። ኮንትሮል ኤስ ግን ወረቀት አይፈልግም። አንቀጽ በጨረስሽ ቁጥር፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ተጫኚው።

ፕሪንት ልታስደርጊ ስትሄጂ የዎርዱን ፋይል ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ጽሕፈት ቤቱ ያንቺ ፎንት ከሌለው 94 ገጽሽ 101 ሆኖ ይወጣል፣ ማውጫውም ይዋሻል። ኤፍ 12 በይ፣ ከታች የፋይሉን ዓይነት ፒዲኤፍ አድርጊና በባዶ ፍላሽ ውሰጂው። ባዶ ያልኩት ከእነዚያ ኮምፒውተሮች ቫይረስ ይዞ ስለሚመለስ ነው፣ የእኛውም ቤት ከዚህ የጸዳ አልነበረም።