መርከብ ላይ ልግባ ወይስ አካባቢ ሳይንስ ልማር?

ውድ ጠያቂ፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው ባሕር ዳር በሚሰጠው የማሪታይም ሥልጠና የመርከብ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ለመሆን አስበው እንደነበር፣ የመርከብ ጭስ የወደብ ከተሞችን አየር እንደሚበክል ካነበቡ ወዲህ ግን ልብዎ ወደ አካባቢ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ እንዳዘነበለ ጽፈውልኛል። በእኔ እምነት አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አይኖርብዎትም፤ መርከቡን ግን ያስቀድሙ።

መርከብ ወደብ ላይ ሲቆም ዋናው ሞተር ይጠፋል። መብራቱ፣ ፓምፑና ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች ግን ኤሌክትሪክ ስለሚፈልጉ ረዳት ጄኔሬተሮቹ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱና ደቃቁ ብናኝም ወደብ ዳር የሚኖረው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ሰልፈር ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ ማለቱ ችግሩን አቃልሎታል። ይሁንና አንዳንድ ባለመርከቦች ሰልፈር በበዛበት ርካሽ ነዳጅ እየተጠቀሙ ጭሱን በባሕር ውኃ የሚያጥብ መሣሪያ መግጠምን መርጠዋል፤ እጣቢው ባሕር ላይ በሚደፋበት ጊዜ ይህን መፍትሔ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የተሻለው ዘዴ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ ከወደቡ ኤሌክትሪክ መውሰድ ነው። ካሊፎርኒያ ይህን በሕግ ደንግጋለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ በዋና ዋና ወደቦቹ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦችን ያስገድዳል። ሥራው ግን ሶኬት እንደመሰካት አይደለም። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ 6.6 ኪሎቮልት ይሸከማል፤ ብዙ መርከቦች በ60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ) ሲሠሩ የአውሮፓ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ መለወጫ ያስፈልጋል፤ የመርከቡን ጄኔሬተር ከወደቡ መስመር ጋር አጣጥሞ መብራት ሳይቋረጥ ጭነቱን የሚያሸጋግር ሰውም ያስፈልጋል። እርስዎ ሊሆኑ የሚችሉት ይህንን ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ባሕር ላይ ይሥሩ፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የመሥራት ብቃት ማረጋገጫም ይያዙ። ከቤተሰብ ለወራት መራቁ ቀላል እንዳልሆነ አልደብቅዎትም። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማሩ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አይቸግርዎትም፦ ጂቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያን ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ ይህ ኃይል ወደቧ ላይ ለቆሙት መርከቦች እንዲደርስ ምን መሟላት እንዳለበት ማጥናት ይችላሉ።

ከማመልከትዎ በፊት ግን ዓይንዎን ይመርመሩ፤ ቀለም መለየት የሚቸገር ሰው ለዚህ የሥራ መደብ የጤና ማረጋገጫ ማግኘት ይከብደዋል።